የማርሴል ወንድም

በፖንት ክሌር ክሊዮፋስ ናርሲስን የማያውቅ ሰው የለም፤ በስሙ የሚጠራው ግን ጥቂት ነው። ፀጉር ቤት ሲገባ፣ "የማርሴል ወንድም መጣ፤ ቦታ ልቀቁለት" ይላሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካህኑ ከእንግዳ ጋር ሲያስተዋውቁት፣ "ይኼ የማርሴል ወንድም ነው" ብለው ይጀምሩና እዚያው ላይ ይጨርሳሉ። የእንግዳው ዓይን ይበራል። የክሊዮፋስን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ይወዘውዛል፤ "እውነት? የዚያ የተከላካዩ?" ይላል። ክሊዮፋስም ፈገግ ይላል። ለብዙ ዓመት ስለለመደው ፈገግታው ሳያስበው ይመጣለታል።

ሁለቱ ወንድማማቾች በዓመት ነው የሚበላለጡት፤ ክሊዮፋስ ታላቅ፣ ማርሴል ታናሽ። አባታቸው ዩሊስ ዕድሜውን የጨረሰው በስኳር ፋብሪካው የመፍጫ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ጩኸቱ ሰውን ከሰው አያነጋግርም፤ ሠራተኛው የሚያወራው በእጁ ነው። መዳፍ ወደ ላይ ከተገለበጠ፣ አገዳ ጨምር ማለት ነው። ክርን መታ መታ ከተደረገ፣ ሰንሰለቱን አዝግም። ሁለት ክንድ ከራስ በላይ ከተጣመረ ግን፣ መፍጫው ሰው ይዟል፣ ሁሉን ነገር አቁም ማለት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ምልክት የፖንት ክሌር ሕፃን አፉን ሳይፈታ ያውቃታል። በቀልድ የሚሠራት የለም፤ የሠራት ልጅ ካገኘው ጎረቤት ሁሉ ጥፊ ይቀምሳል።

የትምህርት ቤቱ ቡድን ተከላካዮችም የሚጫወቱት በዚሁ የፋብሪካ ቋንቋ ነበር። በፖንት ክሌር ኳስ ማለት ያቺ ሞላላዋ፣ በእጅ ተይዛ የምትሮጠዋ ናት። የተከላካዮቹ አሰልጣኝ ከመስመር ውጭ ቆሞ በእጁ ያሳያል፤ የመሀል ተከላካዩ ያነብና ለጓደኞቹ ያስተላልፋል። የጎረቤት ከተማ ቡድኖች ዓይናቸውን ቢያፈጡ ምንም አይገባቸውም። ለዚያ የፋብሪካ ልጅ መሆን ያስፈልጋል።

በነዚያ ዓመታት የመሀል ተከላካዩ ክሊዮፋስ ነበር። ማርሴል በግራው ይቆማል። ይበልጥ የነበረውም ክሊዮፋስ ነው፤ በቁመትም፣ በፍጥነትም፣ ተጋጣሚው ገና ሳይነሳ ወዴት እንደሚሄድ በማወቅም። ይህን ያኔ የነበረ ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ ከተጠየቀ። ችግሩ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

በመጨረሻው ዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚመለምል ሰው መጣ። የመጣው ክሊዮፋስን ሊያይ ነበር። ጨዋታው አልቆ ሰውየው ከክሊዮፋስ ጋር ተጨባበጠ፤ እጁን ሳይለቅ በትከሻው ላይ አሻግሮ ተመለከተና፣ "በግራህ የነበረው ልጅ ማነው?" አለው።

"ወንድሜ ነው" አለ ክሊዮፋስ። ያን ቃል ሲናገር አፉን የመረረው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ጉልበታቸው የተበጠሰ ሰዎች ሞልተዋል፤ "ያቺ ጉልበቴ ባትሆን ኖሮ" ብለው ይጀምራሉ፤ ሰውም ከንፈሩን ይመጥላቸዋል። ክሊዮፋስ ያንን እንኳ አላገኘም። ጉልበቱ ደህና ነው፤ ወገቡም ደህና ነው። የአንድ ሰው ዓይን ከሱ ላይ ተነስቶ ታናሹ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ይነግሩታል? ማርሴል በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ክሊዮፋስ ፋብሪካ ገባ።

ዩኒቨርሲቲውን ሲጨርስ፣ የፕሮፌሽናል ቡድኖች በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት ተራ በተራ አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ፣ ማርሴልም ተመረጠ። የተመረጠው በመጨረሻው ቀን፣ ጥሪውን ሊጠብቅ ቤታቸው የተሰበሰበው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ወንበር መሰብሰብ ከጀመረ በኋላ ነው። ሰሜን፣ በረዶ አገር ያለ ቡድን ደወለ። ክሊዮፋስ ለእንግዶቹ ጓሮ ውስጥ ዓሣ እየጠበሰ ነበር። ከቤት ውስጥ የእናቱን የኦዴሊያን እልልታ የመሰለ ጩኸት፣ የወንበር መውደቅ፣ የሰው ልቅሶና ሳቅ ሰማ። ዓሣው እስኪያር ድረስ ከድስቱ አጠገብ አልተነቃነቀም።

የማርሴል ሥራ ኳስ መያዝ ሳይሆን የያዘውን ሰው መጣል ነው። አገር የሚዘፍነው ነጥብ ለሚያስቆጥሩት ነው፤ የተከላካይ ስም የሚነሳው ሲስት ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ተቀያሪ ሆኖ አሳለፈ፤ ኳሷ ከወዲያ ጫፍ ስትለጋ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ፣ በሙሉ ፍጥነት ከሚመጣው ሰው ጋር እንዲላተም ብቻ ይላካል። ነፍሱን የጠላ ሰው የሚላክበት ሥራ ነው። በኋላ የቋሚው ተከላካይ ትከሻ ወለቀና ማርሴል ገባ። ከገባም አልወጣም።

እሑድ እሑድ ቤተሰቡ በኦዴሊያ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰባል። ኦዴሊያ ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ ጋር እስክትጋጭ ታስጠጋለች።

"አየኸው? አየኸው ልጄን? እንዴት አድርጎ ዘረረው!"

"ሰውየው እኮ አንሸራትቶት ነው፣ እማዬ።"

"ምኑ ነው የሚያንሸራትተው? ማርሴል ነው ያንሸራተተው!"

"ሣሩ እርጥብ ነው፤ እይው።"

"ሂድ እዛ፣ ምቀኛ!" ትለዋለች ትከሻውን በመዳፏ እየገፋች። ስቃ ነው የምትለው። ሁሉም ይስቃል። ክሊዮፋስም ይስቅና ተነስቶ፣ የተጣደውን ሩዝ ሊያይ ነው ብሎ ወጥ ቤት ይገባል።

ወንድሙ እንዲጎዳ አልተመኘም፤ ያን ያህል አልከፋም። ምኞቱ ትንሽ ነገር ነበር፤ አንዴ እንዲስት፣ አንድ ሰው እንዲያመልጠው፣ ያን ጊዜ ካሜራው ጠጋ ብሎ ፊቱን እንዲያሳይ። አንዳንድ እሑድ ምኞቱ ይሰምርለታል። ያን ዕለት ምሳው ይጣፍጠዋል።

አባታቸው ዩሊስ የሞተው ማርሴል ስሙ በገነነበት ዓመት ነው። ሳንባው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ያስታመመው፣ ትራሱን ከፍ ዝቅ ያደረገው፣ አክታውን የጠረገው ክሊዮፋስ ነው። ማርሴል ለቀብሩ በአውሮፕላን መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ከነደጁ ሞላ፤ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ዩሊስን በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች ጭምር። ሐዘንተኛው ሁሉ እያለቀሰ መጀመሪያ የሚያቅፈው ማርሴልን ነበር። ከዚያ ወደ ክሊዮፋስ ዞር ይልና እጁን ይጨብጠዋል። የዚያን ቀን ክሊዮፋስ በደንብ አላለቀሰም። ዕንባ ሲመጣበት ዓይኑ ወደ ወንድሙ ሰልፍ ይሄድና ዕንባው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ብቻውን ሆኖ ሊያለቅስ ሞከረ፤ እንቢ አለው።

ማርሴል ለእናቱ የጡብ ቤት አሠራላት። ጣራው ሲያፈስ የሚወጣው ክሊዮፋስ ነው። ኦዴሊያ ከታች መሰላሉን ይዛ፣ "ቀስ በል አንተ፤ የማርሴልን ቤት እንዳታፈርስብኝ" ትለዋለች።

ከዚያ የማርሴል መውረድ መጣ። ቡድኑ ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሰጠው፤ ያኛውም ለሌላ። ከሱ የፈጠኑ ልጆች መጡ። አንድ ሁለት ጊዜ ራሱን ተመቶ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ቀረ፤ ኦዴሊያ መቁጠሪያዋን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከች። በሰው ተደግፎ ሲነሳ ስታዲየሙ በሙሉ አጨበጨበለት። ክሊዮፋስ በዚያ ጭብጨባ ቀና። ሰው ወድቆ ስለተነሳ ብቻ አገር ሲያጨበጭብለት! እሱም እኮ በየማለዳው ይነሳል።

በመጨረሻም አንድ ጠዋት ስልክ ደውለው ማርሴልን አሰናበቱት።

በነዚህ ዓመታት ሁሉ ክሊዮፋስ የራሱ የሆነ አንድ ነገር ነበረው። ከፋብሪካ ሲወጣ ቱታውን ሳይቀይር ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይሄዳል፤ ሽማግሌውን የተከላካዮች አሰልጣኝ በነፃ ያግዛል። ልጆቹን አቋቋም ያስተምራል፤ ምልክቱን ያስጠናል፤ የወደቀውን ያነሳል። አገዳ በሚፈጭበት ወራት፣ ፋብሪካው ቀንና ሌሊት በማይተኛበት ጊዜ እንኳ አይቀርም። ሽማግሌው አሰልጣኝ ታመው ሥራቸውን ሲተዉ፣ ዋናው አሰልጣኝ ግሬንጀር የክሊዮፋስን ትከሻ ቸብ አድርጎ፣ "ቦታው ያንተ ነው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ይሰብሰብ እንጂ አለቀ" አለው። ክሊዮፋስ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ለቨርና ነገራት። ከዚያ በኋላ ከፋብሪካ ወጥቶ አሰልጣኝ መባልን እያሰበ ነበር የሚተኛው። ልጆቹ ሲጠሩት ይሰማው ነበር፤ "አሰልጣኝ ናርሲስ!"

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ማርሴል ጠቅልሎ አገሩ ገባ። ሚስቱ ሰሜን ቀርታለች። ወፍሯል፤ ይስቃል፤ ለሁሉም ሰው ደግ ነው። ግሬንጀር ክሊዮፋስን ከሜዳው ዳር ጠራው።

"ክሊዮ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ..."

"እንደመጣልህ ንገረኝ።"

"ቦርዱ ማርሴልን ይፈልጋል። ስሙን አስበው እስቲ! ልጆች ከሌላ ከተማ ሳይቀር ይመጡልናል።"

"የሰጠኸኝ ቃልስ?"

"ቃሌን አልበላሁም። ለጊዜው ልጆቹን እንደያዝክ ቆይ፤ በሜዳችን የምናደርገውን የመጨረሻ ጨዋታ ምልክቱን እሱ ይስጥ፤ አንተ አጠገቡ ቁም። ከዚያ ቦርዱ አይቶ ይወስን።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ክሊዮ ካለ እመጣለሁ፣ ያለ እሱ አልመጣም አለ።"

ክሊዮፋስን ያንገበገበው ይህ ነው። ወንድሙ ክፉ ቢሆን፣ ቢኮራበት፣ ቢንቀው ኖሮ ነገሩ በቀለለው። ማርሴል ግን አንድም ቀን አልኮራበትም፤ ለጥላቻ የሚሆን አንዲት ሰበብ እንኳ አልሰጠውም።

ወሬው ፀጉር ቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ፀጉር ቆራጩ ኦቪድ የክሊዮፋስን አንገት በፎጣ እየጠቀለለ፣ "እንግዲህ ዘንድሮ የወንድምህን ውሃ ልትይዝ ነው አሉ!" አለው።

"ውሃውን አንተ ያዝለት፤ ሥራ የፈታኸው አንተ ነህ። መቀስህ ከደነዘ ስንት ዘመኑ?"

"መቀሴን ተዋት! ብትደንዝም የራሴ ናት።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክሊዮፋስ መስታወቱ ውስጥ የራሱን ፈገግታ አየው።

በየዓመቱ በቅዱሳን ሁሉ ቀን የፖንት ክሌር ሰው ባልዲና ብሩሽ ይዞ መቃብር ቦታ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሙታኑን መቃብር ኖራ ይቀባል። መቃብሮቹ ከመሬት በላይ የተሠሩ፣ እንደ ትናንሽ ቤት የተደረደሩ ናቸው። በዚያ ዓመት ማርሴል ባልዲውን ነጥቆ ቀድሟቸው ሄደ። ክሊዮፋስ እናቱን ደግፎ በዝግታ ሲደርስ ማርሴል እያንጎራጎረ ሥራውን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም፤ አንድ ሙሉ መቃብር እስከ መስቀሉ አንጥቶታል። መቃብሩ የኤቤር ቤተሰብ ነበር።

"ኧረ ልጄ! አባትህ ቤት ለቆ ነው እንዴ?" አለች ኦዴሊያ ሳቋ እያፈናት። "እነ ኤቤር ይኼን ቢያዩ ከርሞ ብሩሽ አያነሱም!"

"ለጎረቤት ደግ መሆን ነው፣ እማዬ" አለ ማርሴልም እየሳቀ። ከየመቃብሩ አጠገብ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ክሊዮፋስም ከልቡ ሳቀ፤ ማርሴል በሰው ፊት ሲሳሳት ማየት ከስንት አንዴ የሚገኝ ነገር ነው።

እናታቸው አበባ ልታመጣ ስትሄድ ማርሴል ሳቁን አቆመ። ከመቃብር ወደ መቃብር እየሄደ የድንጋዩን ጽሕፈት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ። የአባታቸውን አልፎት ሄደ። ተመልሶ መጥቶ እንደገና አለፈው። ያን ድንጋይ ራሱ ነበር መርጦ ያስቀረጸው።

"ክሊዮ" አለ ቀስ ብሎ። "የትኛው ነው?"

ክሊዮፋስ በአገጩ አመለከተው።

"አንዳንዴ ይጠፋብኛል" አለ ማርሴል። "መንገድም፣ ስምም። ጠዋት ደህና ነኝ፤ ሲመሽ ይብስብኛል። ሐኪሙ ራሴን ከመመታቴ ነው ይላል። ለእማዬ እንዳትነግርብኝ።"

"አልነግርብህም።"

መጀመሪያ ክሊዮፋስ ፈራ። ፍርሃቱ ረገብ ሲል ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አገኘ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ብሩሹን ኖራው ውስጥ እየነከረ ጥቂት ቆየ። ደስታ ነበር።

ቤት ሲገባ ለቨርና ነገራት። ሳህን እያጠበች ነበር።

"ታዲያ ለግሬንጀር ንገረዋ። በሰው ሁሉ ፊት ሳይዋረድ።"

"እንዳልናገር ለምኖኛል።"

"ለእናቱ እንዳትነግር ነው የለመነህ። ስለ ግሬንጀር ምን አለ?"

ክሊዮፋስ ፎጣውን ከመንጠቆው አነሳ።

"አንተ ክሊዮፋስ። ዝም የምትለው ለሱ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?"

እሷ አድርቃ ያስቀመጠችውን ሳህን አንስቶ እንደገና ማድረቅ ጀመረ።

የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት፣ ዓርብ አመሻሹ ላይ፣ ሜዳው ጢም አለ። የፋብሪካው ተረኞች ቱታቸውን እንደለበሱ መጥተዋል፤ የአገዳው ጭስ ጣፋጭ ሽታ ከወንዙ ማዶ ይመጣል። ማርሴል መስመሩ ዳር ሲቆም ሕዝቡ ተነስቶ ስሙን ጠራ። ክሊዮፋስ አጠገቡ ቆመ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ማርሴል ድንቅ ነበር። ተጋጣሚዎቹ ሲሰለፉ አንዴ ያያቸዋል፤ እጁ ይንቀሳቀሳል፤ ልጆቹ ሄደው ኳሷ የምትመጣበት ቦታ ላይ ቀድመው ይገኛሉ። እነዚህን ልጆች አንድ በአንድ ያሠለጠነው ክሊዮፋስ ነው፤ ክርናቸው የት መሆን እንዳለበት ያሳያቸው እሱ ነው። ሕዝቡ የሚጮኸው ግን፣ "ማርሴል! ማርሴል!" እያለ ነው። በዚያች ሰዓት የመቃብሩን ነገር ረስቶት ነበር። ወንድሙ ሥራውን ሊወስድበት ነው፤ የሚያስበው ይህን ብቻ ነበር።

ከዕረፍት በኋላ መሸ፤ መብራቱ በራ። ተጋጣሚው ቡድን እየገፋ ነጥብ ወደሚቆጠርበት መስመር ተጠጋ። የመሀል ተከላካዩ ልጅ ወደ ዳር ዞሮ ምልክት ጠበቀ። የማርሴል እጆች ደረቱ ላይ ደርሰው ቆሙ። ጣቶቹን ተመለከታቸው።

ክሊዮፋስ አየው። ምልክቱን ያውቀዋል፤ የራሱን ክርን መታ መታ ማድረግ ብቻ ነበረበት። ልጁ እሱንም እያየ ነው። ክሊዮፋስ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ጠበቀ።

የማርሴል ሁለት ክንዶች ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡና ከራሱ በላይ ተጣመሩ።

ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ተነሳ። ጩኸት አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ጸጥ አለ። ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቱታ የለበሱት አንዳንዶቹ መቀመጫውን እየዘለሉ ወደ ታች መሮጥ ጀመሩ፤ ምን እንደሚያቆሙ ሳያውቁ የሚያቆሙትን ፈለጉ። አንድ ሽማግሌ፣ "ማነው? ማነው የተያዘው?" ብለው ጮኹ። ሜዳ ላይ የፖንት ክሌር ልጆች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ዙሪያቸውን ያያሉ። ኳሷን የያዘው የተጋጣሚ ልጅ በመሀላቸው እየተራመደ አልፎ ነጥብ አስቆጠረ። ሕዝቡን ዞሮ ሲያይ የሱም ፊት የፈራ ሰው ፊት ነበር።

ማርሴል ክንዱን አላወረደም። እሱም እንደሌላው ሁሉ የተያዘውን ሰው በዓይኑ ይፈልግ ነበር።

ክሊዮፋስ የወንድሙን ሁለት የእጅ አንጓዎች ይዞ ወደ ታች አወረዳቸው።

"ምን አደረግኩ?" አለው ማርሴል።

"ምንም። ና ተቀመጥ።"

የቀረውን ጨዋታ ምልክቱን የሰጠው ክሊዮፋስ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አላለፈም፤ ፖንት ክሌር በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ያየ ግን አልነበረም። ሕዝቡ ሁሉ ዓይኑ አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተደርቦለት በተቀመጠው ማርሴል ላይ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ አጥሩን ዘለው መጥተው ከበቡት። የፋብሪካው ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ራሱን ሳሙት። ኦዴሊያ በመሀላቸው ሰንጥቃ ገብታ የልጇን ፊት በሁለት መዳፏ ይዛ ተመለከተችው። ማንም የነገራት የለም፤ ገብቷታል። ክሊዮፋስ ኳሶቹን ከረጢት ውስጥ ሰበሰበ።

ሰኞ ዕለት ግሬንጀር ፋብሪካው በር ድረስ መጥቶ ጠበቀው።

"ማርሴል ትናንት ቤቴ መጣ" አለው። "ሁሉን ነገረኝ። ሥራውን ለክሊዮ ስጡት፣ ከሱ የተሻለ የለም አለኝ። ቦርዱም እሱ ከጠየቀማ ብሎ በአንድ ድምፅ ተቀበለው። እንኳን ደስ ያለህ፣ አሰልጣኝ።"

"እሱ ከጠየቀማ?"

"እንደዚያ ነው ያሉት።"

"ባይጠይቅስ ኖሮ?"

ግሬንጀር የመኪናውን ቁልፍ አገላበጠ። "ምን ያስጨንቅሃል ሰውዬ? አገኘኸው አይደል?"

"አገኘሁት" አለ ክሊዮፋስ።

ቡድኑ ወደ ማጣሪያው ስላለፈ ልምምዱ ቀጠለ። ክሊዮፋስ አዲስ ኮፍያና ፊሽካ ተሰጠው። ልጆቹ፣ "አሰልጣኝ ናርሲስ!" እያሉ ይጠሩታል፤ ሲጠሩትም ደስ ይለዋል። የለም፣ ደስ አይለኝም ቢል ውሸት ነው። ኦዴሊያ በየቀኑ ማርሴልን ክንዱን ይዛ እያመጣች መቀመጫው ላይ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። ከቤት ያመጣችውን ቀይ አደንጓሬና ሩዝ ከፍታ ማንኪያውን እጁ ላይ ታደርግለታለች። የሸሚዙን አንገት ትቆልፍለታለች፤ ከንፈሩን በመሀረቧ ትጠርግለታለች። ክሊዮፋስ ከሜዳው ሆኖ ያያቸዋል። እናቱ ለሱ አንገት የቆለፈችለት መቼ ነበር? ማርሴል ሳይወለድ በፊት መሆን አለበት።

አንድ ቀን ልምምዱ ሲያበቃ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ሊናገረው ያሰበው ነገር ነበር፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበረ፣ አይቼህ ነው ዝም ያልኩት ሊለው ነበር። ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው።

"አንተ፣ ጥላ አትሁንበት፤ ፀሐይ እየሞቀ ነው" አለችው ኦዴሊያ። "በዚያ በኩል ተቀመጥና ብርድ ልብሱን ያዝልኝ።"

ተቀመጠ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘ። ማርሴል ወደ እሱ ዞሮ በትኩረት አየው።

"ማን አሸነፈ?"

"ልምምድ ነው፣ ማርሴል። ማንም አያሸንፍም።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ያስጮህሃል?"

ኦዴሊያ ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እስኪያስላት፣ ዓይኗን በመሀረቧ እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። ክሊዮፋስ ሕይወቱን ሙሉ እናቱን እንዲህ ሊያስቃት ሞክሮ አልቻለም ነበር። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ እስኪያልቅ ዓይኑን ከፊቷ አላነሳም፤ ፊቷ ግን ወደ ማርሴል ዞሮ ነበር።